አንበሳዋ አጠገብ የተከፈተው የመኪና በር

ኪሌሌሽዋ፣ ናይሮቢ፣ ጎህ ሲቀድ

ከአክስቴ ቤት የወጣነው ሰማዩ ገና አመድ መስሎ፣ የሠፈሩ ዘበኞች ካፖርታቸውን እንደደረቡ ነው። ሹፌራችን የአክስቴ ባል ጋሽ ታደሰ ናቸው። እዚህ አገር መሪው በቀኝ በኩል መሆኑን ረስቼ እንደ ልማዴ ከፊት ልገባ ስል ጭናቸው ላይ ልቀመጥ ምንም አልቀረኝም። ልጃቸው ሜላት በሳቅ ሞተች። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆንን። አክስቴ አስናቀች ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ብልቃጥ ማር በዘንቢል አድርጋ ከኔ ወንበር ጀርባ፣ የዕቃው ቦታ ላይ አስቀመጠችልን። እሷ አትሄድም። ቅዳሜ ምግብ ቤታቸው ሰው ይበዛበታል።

«ከመኪና እንዳትወርዱ!» አለች አንገቷን በመስኮት አስግጋ። «አንበሳ ዘመድ አያውቅም።»

«እቴቴ፣ አንቺ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ? ሃያ ዓመት እዚህ ስኖር አንበሳ ያየሁት በቴሌቪዥን ነው።»

አብረውኝ የተመረቁት ልጆች ለትምህርት ሮምና ብራስልስ ገብተው በየሳምንቱ የበሉትን ፓስታና የቆሙበትን ሐውልት ይለጥፋሉ። ለእኔ የደረሰኝ ናይሮቢ ነው፤ የከተማ ፕላን ለመማር ከመጣሁ ገና ወር መሙላቴ ነው። «ጎረቤት አገር ሄዳ ምን ታያለች?» ላላችሁ ሁሉ እነሆ፣ የአንድ ቅዳሜ ውሎዬን ጻፍኩላችሁ።

መንገድ ላይ

በዚህ ማለዳ ማታቱዎቹ፣ ማለትም የዚህ አገር ታክሲዎች፣ ጭፈራ ቤት መስለው ይከንፋሉ። አንዱ ጎን ላይ የኳስ ተጫዋች ፊት ተስሏል፤ በሌላው ላይ ነብር። የሙዚቃው ድምፅ የመኪናችንን መስታወት ያንዘረዝረዋል። ረዳቱ በአንድ እጁ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ በሌላው ገንዘብ ይቆጥራል። እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ሜላት ግን ስልኳን ትነካካለች።

«ስንት ሰዓት ነው?» ስላት «ሳ ኩሚ ና ምቢሊ፤ አስራ ሁለት» አለችኝ። ለካ ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው! እስከ ዛሬ እኛ ብቻ የምንቆጥር ይመስለኝ ነበር።

«ቁርስስ?» አልኩ።

«ከከተማው ዳር ያለው የዱር አራዊት ፓርክ ደርሰን፣ ቀጭኔ እያየን» አሉ ጋሽ ታደሰ። በጣም ደስ ብሏቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከምግብ ቤቱ ወጥተው የማያውቁትን ሰውዬ ያወጣቸው የእኔ እንግድነት ነው።

ፓርኩ፣ ረፋድ

ከበሩ እንደገባን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከፊቴ ሜዳውና ሜዳው ላይ የቆሙ የሜዳ አህዮች፤ ከነሱ ጀርባ ደግሞ የከተማው ረጃጅም ሕንጻዎች። ቀጭኔዋ አንገቷን ስታነሳ ከአንዱ ባንክ ሕንጻ ጋር ቁመት የምትለካካ ትመስላለች። በረጅም ዓምዶች ላይ በተሠራ ድልድይ ባቡር አለፈ። ከሥሩ ያሉት ጎሾች ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ስለ ከተማ ፕላን የተማርኩትን ሁሉ እዚያው ጣልኩት።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ጋሽ ታደሰ «እዚህ በኩል አውራሪስ አለ ይላሉ» ብለው ወደ ጠባብ መንገድ ታጠፉ። መንገዱ መረሬ አፈር ነው። ሩቅ ሳንሄድ የኋላ ጎማው ሰመጠ። ነዳጅ ሲሰጡት ባሰበት።

«ልውረድና ልግፋ?» አልኩ።

ሜላት ጣቷን በግራ በኩል ቀሰረች። ሣሩ ውስጥ፣ አንድ ሰው ድንጋይ ወርውሮ ሊመታት ከሚችልበት ርቀት፣ ሴት አንበሳ ተኝታለች። ሣሩም እሷም አንድ ቀለም ናቸው። ጆሮዋ ባይንቀሳቀስ አላያትም ነበር።

ሜላት በሹክሹክታ ወደ ፓርኩ ጠባቂዎች ደወለች። «ይመጣሉ፤ ግን ሌላም የተያዘ መኪና አለ። ቆዩ ብለዋል» አለች። መስኮቶቹን ዘጋን። ቁርሱ ትዝ ያለው ሰው የለም። አንበሳ እያየ ማን እንቁላል ይልጣል?

እየቆየ ጋሽ ታደሰን ያልባቸው ጀመር። አየሩ ይበርዳል፤ የሳቸው ሸሚዝ ግን ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። ፍርሃት መሰለኝ።

«ዳዲ፣ ደህና ነህ?» አለች ሜላት።

ወደ እሷ ዞረው ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ፈገግ አሉና «እንኳን ደህና መጡ። ለስንት ሰው ነው ጠረጴዛ?» አሏት።

የቀለዱ መስሏት ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

«እንግዶች ደጅ ቆመዋል፤ በሩን ልክፈት» አሉና በሩን ከፈቱት።

ቀዝቃዛው አየር ሲገባ ይሰማኛል። አንድ እግራቸው ጭቃው ላይ አርፏል። ከኋላቸው ተወርውሬ ኮሌታቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ ሜላት ክንዳቸውን። ከባድ ሰው ናቸው፤ ደግሞ ይታገሉናል። «ልቀቁኝ! ሰው ቆሟል እኮ!» ይላሉ። አንበሳዋ ተነሳች። ቆማ፣ ጭራዋን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያደረገች አየችን። ስንስባቸው ወደ ውስጥ ወደቁ። ሜላት በላያቸው ተሻግራ በሩን ስትዘጋው መኪናው ሁሉ ተናወጠ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ዲግሪዬን ስማር አብራኝ ዶርም የነበረች ልጅ ስኳር ነበረባት። አንድ ቀን እንዲሁ አልቧት፣ በስሜ ፋንታ በእናቷ ስም ጠርታኛለች፤ ስኳሯ ወርዶ ነበር፣ የተመለሰችው ጣፋጭ ስትቀምስ ነው።

«ሜሊ፣ አባትሽ ስኳር አለባቸው?»

«የለበትም!» ብላ ጮኸች። «ምንም የለበትም!»

አልተከራከርኳትም። በወንበሩ ላይ ተንጠልጥዬ ዘንቢሉን ጎተትኩ፣ ማሩን አወጣሁ። አፋቸውን ሲዘጉብኝ በጣቴ ከከንፈራቸው ውስጥ፣ ድዳቸው ላይ ቀባሁላቸው። ነከሱኝ። ደግሜ ቀባሁ። ሜላት ጭንቅላታቸውን ደረቷ ላይ ደግፋ «ዳዲ እኔ ነኝ፤ ሜላት ነኝ» እያለች ታለቅሳለች። እየቆየ መላስ ጀመሩ። ከዚያም መዋጥ።

«ሜሊ» አሉ በመጨረሻ። «ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?»

አንበሳዋ መልሳ ተኝታ ነበር። መቼ እንደተኛች ሁለታችንም አላየንም።

ጠባቂዎቹ በትልቅ መኪና መጥተው በገመድ ጎትተው አወጡን። አንደኛው ጭቃ የነካውን የጋሽ ታደሰን ጫማ አየ፣ ሣሩን አየ። «ፖሌ ሳና» ብቻ አለን፤ በጣም አዝናለሁ፣ አይዟችሁ እንደማለት ነው።

ምሳ

ሜላት መኪናውን ተቀብላ በቀጥታ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ስኳራቸውን ለክተው «አሁን ደህና ናቸው፤ ምግብ ይብሉ» አሉን። በቅርብ ያገኘነው ንያማ ቾማ ቤት፣ ማለትም ጥብስ ቤት ነው። የፍየል ጎድን በእንጨት ጣውላ ላይ ይዘው መጥተው ፊታችን ከተከቱት። አዋዜ የለ፣ ሚጥሚጣ የለ፤ ጥግ ላይ የተከመረ ጨው ብቻ። ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራው ኡጋሊ ከገንፎ ይጠነክራል፤ ቅቤ ግን አልጎበኘውም። በሌላ ቀን ቢሆን ብዙ እጽፍለት ነበር። ዛሬ ጣዕሙን አላስታውሰውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ሜላት።

«ከፋሲካ በፊት ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ። «መርፌ ከጀመርኩ ግን ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው። ዛሬም ሳትነሱ ተወግቼ ነው የወጣሁት፤ ቶሎ የምንበላ መስሎኝ።»

«መድኃኒቱን የት ነው የምታስቀምጠው?»

«ምግብ ቤቱ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከለስላሳው ጀርባ። የጀመርኩትን ደግሞ ኪሴ ውስጥ።»

«ለምን?»

ሥጋውን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። «እናትሽ መኮንንን ያስታመመችው ብቻዋን ነው። በዚሁ በሽታ። እግሩን እስኪቆርጡት፣ ከዚያም እስኪሞት። ብነግራት ምግብ ቤቱን ሸጠን አገር ቤት እንግባ ትላለች። አንቺ ደግሞ ትምህርትሽን አልጨረስሽም።»

መኮንን የአክስቴ ወንድም፣ አጎቴ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው የሞተው፤ ክራንቹ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። በምን እንደሞተ ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

«ትጊ» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፤ «አንቺም የሰማሽው እዚሁ ይቅር።»

ምን ልበል? እንጀራቸውን የምበላ እንግዳ ነኝ። አቀረቀርኩ። የመለሰችው ሜላት ናት።

«ዳዲ፣ አንበሳዋ አይደለችም ያስደነገጠችኝ። ለስንት ሰው ነው ጠረጴዛ ስትለኝ ነው። አላወቅከኝም እኮ።»

ጋሽ ታደሰ እንዲህ ማለታቸውን አያስታውሱም። እጃቸው ጣውላው ላይ ቀረ። «እንዲህ አልኩሽ?» አሉ። ደግመው ጠየቁኝ፣ እኔን። «እንዲህ አልኳት?»

«አዎ፣ ጋሼ።»



ወደ ቤት

ከሰዓት በኋላ ቀጭኔ በእጅ የሚያበሉበት ቦታ ልንሄድ ነበር፤ ቀረ። በፓርክላንድስ ሠፈር በኩል ስናልፍ ሜላት አንድ ፋርማሲ ገብታ የስኳር መለኪያ ገዛች። ጋሽ ታደሰ ከኋላ ወንበር፣ ከኔ አጠገብ፣ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።

ኪሌሌሽዋ ስንደርስ አክስቴ ከምግብ ቤቱ ለአፍታ ተመልሳ ሳሎን ተቀምጣለች። «እህስ? አንበሳው ተገኘ?» አለች እየሳቀች።

ሜላት አባቷን አየች። እኔ ወለሉን።

«አስኔ፣ ቁጭ በይ» አሉ ጋሽ ታደሰ። ተቀምጣ ስለነበር ግራ ገባት። ከዚያ ቆመው ሁሉንም ነገሯት፤ ከመርፌው እስከ መኪናው በር። በተለይ ልጃቸውን አለማወቃቸውን ሲናገሩ ድምፃቸው ተሰበረ።

አክስቴ አልጮኸችም። ብድግ ብላ ደረታቸውን በቡጢዋ መታቻቸው፤ ትንሽ፣ ሰው በር እንደሚያንኳኳው። «ስትሞትብኝ ማን ሊነግረኝ ነበር?» አለች። «ማን ነበር የሚነግረኝ፣ ታደሰ?»



ወደ ጓዳ ገባች። ሄዳ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ተመለሰች። ወንበር ስባ ፊታቸው ተቀመጠች።

«መርፌውን አምጣው። እንዴት እንደሚወጋ አሳየኝ። ነገ ጠዋት እኔ ነኝ የምወጋህ።»

«አገር ቤት እንግባ አትይም?»

«አሳየኝ አልኩህ።»

ጋሽ ታደሰ ከኪሳቸው ብዕር የመሰለውን መርፌ አውጥተው ሸሚዛቸውን ወደ ላይ ገለጡ። ሆዳቸው ላይ ትንንሽ ሰማያዊ ነጠብጣቦች በዝተዋል። ሜላት መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ፣ ከእናቷ ትከሻ በላይ ጎንበስ ብላ ማየት ጀመረች።