የተበተነውን መንደር የምታውቀው አክስቴ

ሰሞኑን የቀበርናት የአባቴ እህት ናት፤ አዳዳ ነበር የምንላት። ለመብራት ተብሎ ወንዙ በተገደበ ጊዜ ጭቃ ሹሙ ልቀቁ አለን፤ መንደራችንንም ውሃ ዋጠው። ጎረቤቱ ሁሉ ተበታተነ። ከፊሉ አኖ፣ ከፊሉ ኪራሙ፣ እኛ ደግሞ ነቀምቴ ገባን። ከዚያ ወዲህ አዳዳን የገበያ ቀን አምልጧት አያውቅም ነበር። ገበያው መግቢያ ላይ ቆማ የአገሯን ሰው ስታይ፣ «አካም ጅርቱ! አሁን የት ገባችሁ?» ትል ነበር። የሰማችውን አትረሳም ነበር።

አንድ ቀን ፈይኔ የምትባል የድሮ ጎረቤታችን ወንድሟ የገባበትን እንዳጣች ነገረቻት።

«ኪራሙ ነው» አለቻት አዳዳ። «ሴት ልጅ ወልዶ ባንቺ ስም ጠርቷታል።»

ፈይኔ እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አዳዳም አጠገቧ ተቀምጣ እስክትረጋጋ ድረስ እጇን አልለቀቀችም።

ከቀብሩ በኋላ በዋለው ገበያ አንድ ሽማግሌ ቤታችንን አጠያይቀው መጡ። ከመንደሩ ስንወጣ የተለየቻቸውን የልጃቸውን ወሬ ከአዳዳ ሊሰሙ ነበር የመጡት። የአዳዳን ማረፍ ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ታዲያ ከእንግዲህ ማንን ልጠይቅ?» አሉኝ።

ወደ ቤት አስገባኋቸውና ስለ ልጃቸው እስኪመሽ ሲያወሩ አዳመጥኳቸው።