አባቴን በአንድ ዓይን ሣልኳቸው

ቤታችን ውስጥ አባቴን በቃል ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው የለም። የቅኔ መምህር ናቸው፤ እኛ ልጆቻቸው እንኳ እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» እያልን ነው ያደግነው። አንድ ቃል ሲወረውሩላቸው ሁለት አድርገው ይመልሳሉ፤ ሁለተኛው የሚገባው ማታ ራት ሲበላ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ከእሳቸው ጋር ከመከራከር ግድግዳ መግፋት ይሻላል፤ ግድግዳ ቢያንስ አይስቅብሽም» ትል ነበር።

ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ለሕክምና ብለው ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት መጡ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣቸው፤ አካሄዳቸውም ተሻሻለ። መቆም ግን አልሆነላቸውም። ጥቂት ከቆዩ ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከይጁቤ ወዲያ ያለው የደብራቸው ንግሥ ደግሞ እየቀረበ ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከዚያ ማኅሌት ቀርተው አያውቁም። «ዘንድሮስ አልሄድም» አሉኝ አንድ ቀን፣ ቡና መጠጣት እንዳልፈለገ ሰው ቀለል አድርገው። ወንበር ይዘን እንሂድ አልኳቸው፤ ሌሎቹስ ሽማግሌዎች ይቀመጡ የለ?

«ማኅሌት ይቆማል ሲባል እንጂ ይቀመጣል ሲባል ሰምተሻል?»

ሰምቼ አላውቅም። እንደለመድኩት ተሸነፍኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ የሚያንጎራጉሩት ዜማ ጠፋ። ዘንድሮ ከቀሩ ከርሞም የሚመለሱ አልመሰለኝም፤ ፈራሁ።

እኔ የምሠራው የቤት ዕቃ በሚሠራ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ነው፤ ትዕዛዝ ተቀባይ ነኝ። ደንበኛ ይመጣና እጁን አየር ላይ እያጣመመ «ቁም ሣጥን ነው፣ እዚህ ጋ እንዲህ የሚል፣ ከዚያ እንዲህ ብሎ የሚመለስ» ይላል። እኔም «እንዲህ» ብዬ እጽፋለሁ። አናጢያችን «እንዲህ» የሚለውን አንብቦ እንደመሰለው ይሠራል። ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። አሠሪዬ ጭቅጭቁ ሲሰለቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚሰጥ አጭር ሥልጠና አስመዘገበኝ። ሥልጠናው የሚሠራን ዕቃ ገና ሳይሠራ በእጅ ነድፎ ማሳየት ነው፤ ስኬች ይሉታል። ሥዕል የማልችል ሰው መሆኔን ብነግረው «ስለማትችዪ አይደል የምልክሽ?» አለኝ።

መምህርቷ ከባሕር ዳር የምትመላለስ ወጣት ነበረች። የመጀመሪያው ቀን መጀመሪያ ያስደረገችን ነገር ላጲሳችንን ቦርሳ ውስጥ ማስገባት ነው። በእስክሪብቶ ነው የምትነድፉት፤ ስሕተታችሁን አትፍሩት፣ አጠገቡ ሌላ አስምሩ አለችን። ቀጥሎ ቀጥ ያለ መስመር። በእጅ አንጓ ሳይሆን ከትከሻ፤ እጅን ወረቀቱ ላይ ሳያሳርፉ አየር ላይ አመላልሶ፣ አመላልሶ፣ ድንገት ለቀቅ። የመጀመሪያዎቹ መስመሮቼ የሰከረ ሰው መንገድ ይመስሉ ነበር። ከዚያ አንዱ፣ እንዴት እንደሆነ ሳላውቀው፣ ከወረቀቱ ዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ወጣ። እሰይ ብዬ ጮኽኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ምን አባቱ! ዕድሜዬን ሙሉ በማስመሪያ ሳሰምር የኖርኩ ሴት በባዶ እጄ አሰመርኩ!

መምህርቷ መጀመሪያ በሳሳው መስመር ቅርጹን ፈልጉ፣ ሲገኝ በደማቁ አጽኑት አለች። «እንግዲህ ጎጃም ነን፤ የሳሳው ሰሙ፣ የደመቀው ወርቁ በሉት።» ጎጃምን የረገጠ ሰው ሁሉ ሰምና ወርቅ ሳይል አይመለስም። እኔ ግን እቤቴ በቂ ስላለኝ ወደ መስመሬ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ልክ አልነበረም። የብርጭቆ አፍ ክብ ነው አይደል? አይደለም! ከላይ ካላዩት በቀር ተጨፍልቆ እንቁላል የሚመስል ነገር ነው። ይህን በተማርኩ ማታ ራት ቀርቦ ሳለ አንገቴን ደፍቼ ጉንጬን ከገበታው አስተካከልኩና ትሪውን አየሁ። ክቡ ጠቦ ጠቦ በመጨረሻ መስመር ብቻ ሆነ።

«ምን ጠፋብሽ?» አሉ አባቴ እጃቸውን ሰብስበው።

«ክቡ! ክቡ ጠፋ የኔታ!»

«ክብር ሲጠፋስ አይቻለሁ» አሉ፣ «ክብ ሲጠፋ ግን ገና መስማቴ ነው።»

ሳቅሁ። ሁለተኛው የገባኝ ሳህን ሳጥብ ነው፤ ስለ ራሳቸው ነበር የተናገሩት።

ሌላ ቀን ጣውላ ልመርጥ ወደ አማኑኤል ከተማ በሚኒባስ ስሄድ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጫለሁ። መንገዱ ቀጥ ብሎ ከፊታችን ተዘርግቷል፤ የመብራት ምሰሶዎቹ እየራቁ እያጠሩ፣ የመንገዱ ሁለት ዳርና ዳር እየተጠጋጉ ሄደው ሄደው አንዲት ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ያን ቅዳሜ መምህርቷ ሰሌዳ ላይ ያሳየችን ነጥብ! «እየው! እየው!» ብዬ የሾፌሩን ክንድ ያዝኩ። ፍሬኑን ረገጠው፤ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ መንገዱ ላይ ጥጃ የገባ መስሎት አንገቱን አሰገገ።

«ምንድን ነው?»

«መንገዱ! እዚያ ጋ ጠበበ!»

ሾፌሩ ለረጅም ጊዜ አየኝ። «እኅቴ፣ አይዞሽ» አለኝ፣ «እዚያ ስንደርስ ይሰፋል። ሁልጊዜ ነው የምሄድበት።»

አባቴ ከሰዓት በኋላ እግራቸውን ለማፍታታት ብለው ወደ ሥራ ቤታችን ብቅ ይሉ ነበር። እንጨት ቤት ውስጥ እየሠራሁ አባቴ የሚደገፉት ማጣታቸው፣ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። አንድ ቀን ከአናጢያችን ጋር ክርክር ገጥመው አገኘኋቸው። ምን እንደሆነ አላስታውስም፤ እሳቸው ይስቃሉ፣ እሱ ራሱን ያክካል። ክርክሩ ረዘመ። ጉልበታቸው ግን አይንቀጠቀጥም! ቀረብ ብዬ አየሁ። ከተደራረበው ጣውላ ጠርዝ ላይ ዳሌያቸውን ጣል አድርገዋል፤ እግራቸው ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፣ ተረከዛቸው መሬት ይዟል። ቆመዋል እንዳልል ክብደታቸው ጣውላው ላይ ነው። ተቀምጠዋል እንዳልል ቁመታቸው ከአናጢው እኩል ነው። እንዲህ ያለ መደገፊያ ብንሠራላቸውስ!

ያን ሳምንት በሙሉ ነደፍኩ። መምህርቷ የመጀመሪያውን ሐሳባችሁን አትውደዱት፣ ጥቃቅን አድርጋችሁ ብዙ ነድፉ ብላን ነበር። ባለ አንድ እግር ነደፍኩ፤ እንዳይወድቁብኝ ፈራሁ። ባለ አራት እግር ነደፍኩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወጣ ገባ ነው፣ አንዱ እግር አየር ላይ ይቀራል። ሦስት እግር ግን የትም አይነቃነቅም፤ ጉልቻስ ሦስት የሆነው ለምን ሆነና። ከላዩ ጠበብ ያለች ሰሌዳ፣ ወደ ፊት ዘንበል ያለች፣ ከፍታዋ እስከ ዳሌ። መጠኑ እንዲታወቅ ከዕቃው ጋር ሁልጊዜ ሰው ሣሉበት ተብለናልና አባቴን ጨመርኳቸው። አደጋገፉ ጥርት ብሎ የሚታየው ከጎን ነው፤ ከጎን ሣልኳቸው። ጥምጣማቸው፣ ጋቢያቸው፣ አፍንጫቸው ሳይቀር መጣልኝ። እየበረርኩ ቤት ሄድኩ።

አባቴ ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ይህ እኔ ነኝ?»

«አዎ የኔታ!»

«ሌላው ዓይኔስ?»

«በዚያ በኩል ነዋ። ከጎን ስለሆነ…»

«የደብራችንን ግድግዳ ረሳሽው እንዴ? በአንድ ዓይን የሚሣለው ማነው?»

ማን የማያውቅ አለ? ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያየናል። ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ይሁዳ፣ ጌታን የሚገርፉት፣ ከነቀንዳቸው አጋንንቱ ናቸው። ልጅ ሆኜ በጣቴ እያሳየሁ የቆጠርኳቸው እነሱን ነበር።

«መቆም ቢያቅተኝ ከገራፊዎቹ ጋር ደመርሽኝ» አሉ። ቀልድ አልነበረም። ወረቀቱን በቀስታ አጠፉና መለሱልኝ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ንዴቴ መጣ። ሳምንት ሙሉ ለእሳቸው ብዬ ጣቴን ሳቀጥን ኖሬ! ደጅ ወጥቼ ለራሴ አጉረመረምኩ፤ ሥዕለ ጎን እንጂ ሥዕለ ይሁዳ አይደለም ብዬ ልነግራቸው ፈለግሁ። ግን ማንን ነው በቃል የማሸንፈው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የኔ ጥፋት ነበር።

ቅዳሜ ለመምህርቷ ነገርኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «የነደፍሽው ለሚያየው ሰው ነው» አለችኝ። «እሳቸው እንዲህ ካዩት፣ እንዲህ ነው። አዙሪያቸው።»

አዙሪያቸው! ለመናገር ቀላል ነው። ዕቃን ከጥግ በኩል መንደፍ ገና ያልደፈርኩት ነገር ነበር። መጀመሪያ በሳሳ መስመር ሣጥን ሠርታ፣ የሣጥኑን አንድ ማዕዘን ወደ እኛ አምጥታ፣ መደገፊያውንም ሰውዬውንም እዚያ ውስጥ እንዳስገባቸው አሳየችኝ። ፊቱም እንደ ሣጥኑ ሲዞር ሁለተኛው ዓይን ብቅ ይላል። ብቅማ አለ! አንዱ ላይ ጆሮ ግንዳቸው ላይ ወጣ፣ አንዱ ላይ ጥምጣማቸው ውስጥ ገባ፣ አንዱ ላይ አባቴ ሳይሆኑ ሾፌሩ መጣብኝ። ወረቀት ፈጀሁ። ማስመር፣ መተው፣ አጠገቡ እንደገና ማስመር።

ከዚያ መጣ። የሰሌዳይቱ ማዕዘን ከወረቀቱ ወጥታ ወደ እኔ ቀረበች፤ ውፍረቷ ታየ፣ ዘንበል ማለቷ ታየ። ሦስቱ እግሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መሬት ረገጡ። አባቴ ደግሞ፣ መቋሚያቸውን በአንድ እጃቸው፣ ጸናጽላቸውን በሌላው ይዘው፣ በሁለት ዓይናቸው ቀጥ ብለው ያዩኛል። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ጠፍጣፋ ወረቀት ውስጥ ጥልቀት አለ፤ እጅ የሚያስገባ ጥልቀት! ደግሞ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ቤት ስደርስ ምንም ሳልናገር አጠገባቸው አስቀመጥኩት። አነሡት። መቼም አይምሩም፦

«ይህ የኋላው እግር ለምን አጠረ?»

«ስለራቀ ነው።»

«የራቀ ሁሉ ያጥራል?»

«ያጥራል የኔታ፣ መንገዱ እንኳ…» አልኩና ተውኩት።

«ይህ ሰውዬ ቆሟል ወይስ ተቀምጧል?»

መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። ብናገር እንደምሸነፍ ስላወቅሁ ምላሴን ነከስኩ። «እሱን ይጠይቁት» አልኳቸው።

ወረቀቱን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። አቀረቡት፣ አራቁት፣ ዘቀዘቁት። ከዚያ ከራሳቸው ጋር መሟገት ጀመሩ። «የተቀመጠ ሰው ጭን አለው። ልጅ ያቅፍበታል፣ መጽሐፍ ያሳርፍበታል። ለዚህ ሰውዬ ልጅ ቢሰጡት የት ያስቀምጠዋል?» ጣታቸውን ንድፉ ላይ አሳለፉ። «ቦታ የለውም። ጉልበቱም አልታጠፈም…» ዘወር አሉ፤ ሰው ረትተው ሲነሡ የማውቀው ፊታቸው ተመልሶ መጥቷል። «ቆሟል!»

ማንን እንደረቱ አልጠየቅኋቸውም።

አናጢያችን ንድፉን አንዴ አየው፤ «እንዲህ» የሚል ቃል ሳንለዋወጥ ሠራው። አባቴ ለሙከራ መጥተው ዳሌያቸውን ጣል አደረጉና «ጉልበቴ ሊታጠፍ ይከጅለዋል፤ ከፍ አድርጉት» አሉ። ከፍ ተደረገ።

የንግሡ ዕለት ታቦቱ ወጥቶ ሊቃውንቱ ዛፉ ሥር በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተሰለፉ። ሣሩ ተዳፋት ነው። አባቴ መደገፊያቸውን ተከሉ፤ ጋቢያቸው ሸፈነው፤ ከፊት ለሚያይ ሰው ምንም አይታይም። አንድ ቄስ ወንበር ይዘው ሲመጡ አባቴ በመቋሚያቸው ጫፍ ወደ ሌላ ሽማግሌ አሳለፏቸው። ወረቡ በዝግታ ተጀመረ፤ ከበሮው እየፈጠነ መጣ፤ ረድፎቹ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ጀመሩ። እኔ ከሴቶቹ መካከል የነጠላዬን ጥለት ጨምድጄ ጉልበታቸውን ብቻ አያለሁ። አልተንቀጠቀጠም። ድምፃቸውን ከሁሉ ድምፅ ለይቼ ሰማሁት፤ ያ ጠዋት ጠዋት የጠፋብኝ ድምፅ ነው። አጠገቤ ያለችው ሴት «ዳኑ እንዴ የኔታ?» አለችኝ። በነጠላዬ ጥለት እንባዬን ጠረግሁ።

ወረቡ እየተጋጋለ ብዙ ቆየ። እልልታው ሲያበቃ ወጣቶቹ መዘምራን በላብ ተጠምቀው እዚያው ሣሩ ላይ ዘፍ ዘፍ አሉ፤ ከበሮ መቺውም ትከሻውን እያሸ ግንዱን ተደግፎ ተቀመጠ።

«ምነው፣ ደከማችሁ?» አሉ አባቴ፣ ከቆሙበት።