አንዱ አልጋ የልጄ

ሮተርዳም ያለው መሥሪያ ቤታችን የእንግዳ መቀበያውን ሲያሳድስ አንድ አናጢ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ስስ ጣውላ ተሸክሞ ገባ። ወለሉ ላይ አጋድሞ ገመዱን በቢላ ሲበጥሰው ጣውላው ጓ ብሎ ተዘረጋ፤ የሰጋቱራና የኮላ ሽታው ፊቴን መታኝ። ባልደረቦቼ በድምፁ ደንግጠው ሳቁ። እኔ ግን እትዬ ጽጌ ትዝ አለችኝና የተኛ ቂሜ ተነሳብኝ።

እትዬ ጽጌ የእናቴ ጓደኛ ነበረች። ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ዴን ሃግ፣ ላክ በሚባለው ሰፈር፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ብቻዋን ትኖር ነበር። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። እናቴ አመሻሽ ላይ ቢሮ ልታጸዳ ስትሄድ እኔን የምትይዘኝ እሷ ናት። እጇ ሁልጊዜ የመጦሪያውን ክሬም ክሬም ይሸታል፤ ከኪሷ ደግሞ የአናጢ እርሳስ አይጠፋም። እኔ እዚያው አገር አፌን የፈታሁ ልጅ ስለሆንኩ አንቱታ አላውቅም፤ "እትዬ ጽጌ፣ ነይ" ነው የምላት። እናቴ "እርስዎ በይ፤ እኩያሽ ናት እንዴ?" ብላ ትቆጣለች። እትዬ ጽጌ ግን "ተያት እባክሽ፤ አንቺ ስትለኝ የቤቴ ሰው ያለኝ ይመስለኛል" ትላለች። ያንን አባባሏን እወደው ነበር።

አንድ ክረምት የጀልባ መጎተቻ የነበረ ባለሁለት ጎማ ተሳቢ ገዛችና ከፎቁ ሥር ባለው ጋራዥ ውስጥ ካራቫን የሚሉትን በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ልትሠራበት ተነሳች። ሰው ሁሉ ካራቫኑን እየጎተተ ሲሄድ ዓመት ዓመት በመስኮት እያየች ቀንታ ኖሯል። አባቷ ጅማ ውስጥ አናጢ ስለነበሩ መዶሻ አይከብዳትም። የኔም ጉጉት ከሷ አይተናነስም ነበር። በትምህርት ቤታችን ፋካንሲ የምንለው የበጋ ዕረፍት ሲያልቅ ልጆቹ በየተራ ተነስተው የት እንደከረሙ ይናገራሉ፤ እኔ በየዓመቱ "እቤት ነበርኩ" ብዬ ቁጭ እላለሁ። በዚያ ዓመት ግን ገና በጸደይ "በካራቫን ወደ ባሕር እንሄዳለን" ብዬ ለክፍሉ አውጄ ነበር።

ጣጣው የመጣው በጣሪያው ነው። እትዬ ጽጌ ጣሪያውን እንደ ኤሊ ጀርባ ጎባጣ እንዲሆን ነበር ያሰበችው፤ ለዚህ ደግሞ ሳይሰበር የሚታጠፍ ስስ ጣውላ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ስኪልደርስዋይክ በሚባለው ሰፈር ሰው መንገድ ላይ ከጣለው ቁም ሳጥን ጀርባውን ነቅላ ሞከረች። ስታጎብጠው ቋ ብሎ ተሰበረ። ሌላውን በሙቅ ውሃ ነከረችው፤ አብጦ ተላላጠ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍለጋ እንወጣ ጀመር። የሷ ደችኛ ለመጦሪያው እንጂ ለእንጨት መደብር ስለማይበቃት አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

ሮተርዳም የመጀመሪያው መደብር ስንገባ "ኮምፔንሳቶ በያቸው" አለችኝ። ስሱን ጣውላ ማለቷ ነበር፤ ቃሉን ግን በአማርኛም ሰምቼው አላውቅም። ለእናቴ በማነብላት የቤት ኪራይ ደብዳቤ ላይ ግን "ኮምፔንሳሲ" የሚል ነገር አይቻለሁና ኮራ ብዬ "ኮምፔንሳሲ እንፈልጋለን" አልኩ። ለካ በደችኛ ካሳ ማለት ነው። ሻጩ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየና "ምን በድለናችሁ?" አለ። ነገሩ ሲገባን እትዬ ጽጌ ጠረጴዛውን ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ በየመደብሩ ደጃፍ "በይ ካሳችንን እንጠይቅ" እንባባል ነበር።

በመጨረሻ ያገኘነው ቭላርዲንገን በምትባል ከተማ ወደቡ አጠገብ፣ ለመርከብ አናጢዎች ጣውላ በሚሸጥ መጋዘን ውስጥ ነው። ሽማግሌው ሻጭ አንዱን ጣውላ ከዳር ይዞ እንደ ሰሌን ጠቀለለው። "በዚህ በኩል እንዳሻችሁ ይታጠፋል፤ በዚያ በኩል ከታገላችሁት ግን ይሰበራል" አለ። መኪና ገና ስላልነበራት በባቡር ይዘነው መጣን። ከሆላንድስ ስፖር ጣቢያ ወርደን ፊትና ኋላ ሆነን ተሸክመነው ስንሄድ ዝናብ ያዘን። እትዬ ጽጌ ኮቷን አውልቃ ለጣውላው አለበሰችው።

"እኔስ? በረደኝ እኮ" አልኳት።

"አንቺ አታብጪም" አለችኝ።

ጋራዡ ውስጥ ገመዱን ስትፈታው ጣውላው ጓ ብሎ ተዘረጋና ሁለታችንም ወደ ኋላ ዘለልን።

ጣሪያውን ከመግጠሟ በፊት አልጋዎቹን ሠራች። "ተጋደሚ" አለችኝና ተንጋለልኩ። በእርሳሷ ከአናቴ በላይና ከእግሬ በታች ምልክት አደረገች። ከዚያ ለራሷ እንደምታወራ "አንዱ አልጋ የኔ፣ አንዱ አልጋ የልጄ" አለች። ልጄ የምትለው እኔን ነበር። "ልጄ ብይ"፣ "ልጄ ጫማሽን እሰሪ" ስትለኝ ነው የኖረችው፤ ሌላ ልጅ ይኖራታል ብዬ በምን ልጠርጥር? ከዚያ ቀን ጀምሮ "አልጋዬ" ማለት ጀመርኩ። "አልጋዬ ቀለሙ ደረቀ?" እላታለሁ። እሷም ቀና ሳትል "ደርቋል" ትለኛለች። እስከ ዛሬ ይቅር ልላት ያልቻልኩት ይህን ነው።

እሑድ እሑድ በምንሰበሰብባት ትንሽ ጉባኤ የጸሎት ርዕስ ያለው ሲጠየቅ እትዬ ጽጌ ሁልጊዜ እጇን ታነሳለች። "በልቤ ያለ ጉዳይ ነው፤ ጸልዩልኝ" ትላለች። እኔ ጉዳዩ ካራቫኑ ስለመሰለኝ ከመተኛቴ በፊት ተንበርክኬ "ጌታ ሆይ፣ ለእትዬ ጽጌ ኮምፔንሳቶ ስጣት" እል ነበር። ጣውላው ከተገኘ በኋላም እጇን ማንሳት አልተወችም። እኔም ቀለሙ ይሆናል፣ ጎማው ይሆናል እያልኩ መጸለዬን ቀጠልኩ።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል አንድ እሑድ ለምስክርነት ወጣች። ከጎኗ ሹሩባ የተሠራች ረጅም ቀጭን ልጅ ቆማለች። "ልጄ ናት። ሰላም ትባላለች" አለች። "ጥያት ስወጣ ገና ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ሳይሳካ ካወራሁት ይከሽፍብኛል ብዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ጸሎታችሁን ጌታ ሰማው።" ቤቱ በእልልታ ተናወጠ፣ እናቴ አለቀሰች፣ እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ስጸልይ የከረምኩት በአልጋዬ ላይ ለምትተኛው ልጅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ካራቫኑን ልናይ ጋራዥ ወረድን። ሰላም አልጋው ላይ ወጥታ ስትዘረጋ እግሯ ግድግዳውን ገጨና ጉልበቷን አጠፈች። የእትዬ ጽጌ ፊት ድንገት ጠቆረ። ልጇን ስታስባት የምታያት በኔ ቁመት ነበር፤ ልጅቷ ደግሞ ሳትጠብቃት አድጋለች። ልኩ የኔ ነበር፣ አልጋው ግን የኔ አልነበረም።

"እኔስ?" አልኳት።

"ቦታው የሁለት ሰው ነው፣ ልጄ። ለሚቀጥለው ዓመት እንሄዳለን" አለችኝ።

"ልጄ" የሚለው ቃል ያን ቀን ጎረበጠኝ። ማታ እናቴ "ምን ታድርግ፣ እናት ናት" ብላ ልታባብለኝ ሞከረች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚለውን ያኔ ባውቀው ኖሮ እሱን እመልስላት ነበር። እነሱ ሄዱ። ትምህርት ሲከፈት ተነስቼ "እቤት ነበርኩ" አልኩ። አስተማሪዋ "ካራቫኑስ?" ስትለኝ ልጆቹ ሳቁ። ቅስሜ ተሰበረ።

በዚያው ሳምንት እትዬ ጽጌ በራችንን አንኳኳች። ከተረፈው ጣውላ የሠራችው፣ ክዳኑ እንደ ካራቫኑ የጎበጠ ትንሽ ሳጥን ይዛለች። "ካሳሽን ይዤልሽ መጣሁ" አለችኝና እንደ ድሮው እስክስቅ ጠበቀች።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይግቡ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እናቴን ልጥራልዎት" አልኳት።

እርስዎ ያልኳት ያኔ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እናቴ ከወጥ ቤት ሰምታ "ተመስገን፣ ዛሬስ አደብ ገዛሽ" አለች። እትዬ ጽጌ ግን አልተቀመጠችም። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አየችኝ።

"ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ" አለች።

"አውቄዎታለሁ" አልኳት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካራቫኑን ለሰው ሰጥታ ከልጇ ጋር እንግሊዝ ገባች። እስክትሄድ ድረስ ደረጃው ላይ ባገኘኋት ቁጥር መንገድ ለቅቄ "እንደምን ዋሉ" እላት ነበር። በልቤ ግን ከአንቺ አልወጣችም፤ ይኸው ዛሬም እሷ እያልኩ ነው የምጽፈው። ሳጥኑ እናቴ ቤት አለ፤ መርፌና ክር ታስቀምጥበታለች። እዚህ ካደግነው መሃል አንቱታ የሚያውቅ ጥቂት ነውና የጉባኤያችን ሽማግሌዎች እኔን ለይተው ያመሰግኑኛል። "ጨዋ ልጅ፤ ማን አስተማራት?" ይላሉ። እናቴ "እኔ ነኝ" ብላ ትኮራለች።