ዝንብ በሊታው በሐረጊቱ ክፍል

ጀምበሩ ዝምተኛ ሰው ነው። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። እንዲህ ሆነን ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቻችለን ኖረናል። ከአዲስ አበባ ባመጣን አውሮፕላን ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀን ተቀምጠን ነበር። ዛሬም አሽዶድ፣ ሮቫ ሔት የሚባል ሠፈር ውስጥ በአንድ ሕንፃ እንኖራለን፤ እሱ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ መለሰ አንደኛ ፎቅ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከአንድ ልጁ ከሳሪት ጋር ነበር የሚኖረው። ይህን የምጽፈው በዚህ ክረምት የሠራሁት አንድ ነገር ስለሚከነክነኝ ነው። ቢያንስ ሌላው ሰው ጀምበሩ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይወቅልኝ።

የጀምበሩ ቤት ሦስት መኝታ ክፍል አለው። አንዱ የሐረጊቱ ነው። ሐረጊቱ ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ገና ድክ ድክ ሲል ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ልጅ አልወለደችም፤ ልጇ እሱ ነው። እኛ ስንመጣ ባሏን ትታ አልመጣም ብላ ቀረች። ባሏ ሲሞት ጎንደር ከተማ ቤት ተከራይታ፣ እኛ ወዳለንበት አገር ለመምጣት ስሟን አስመዝግባ ተራዋን መጠበቅ ጀመረች። ስትጠብቅ አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት። ጀምበሩ በየጊዜው አውቶብስ ይዞ ሃኪርያ በሚባለው ሠፈር ወዳለው የመግቢያ ፈቃድ ቢሮ ይሄዳል፤ ተራዋ ገና ነው ይሉታል፤ ይመለሳል። ተናዶ አይቼው አላውቅም። እኔ ነበርኩ በእሱ ፈንታ የምናደደው።

ክፍሏን ግን ከመጀመሪያው አዘጋጅቶ ነበር። አልጋ ገዛ፤ የፍራሹ ፕላስቲክ እንኳ አልተቀደደም። ትልቁን የአየር ማቀዝቀዣ፣ እኛ መዝጋን የምንለውን፣ ያስገባው እሷ ክፍል ነው። ራሱ የሚተኛበት ክፍል ማራገቢያ ብቻ ነው ያለው። ለምን ብለው፣ ሐረጊቱ ደገኛ ናት፣ የዚህን አገር ሙቀት አትችለውም አለኝ።

ተክሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጀምበሩ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የተክል ማፍያ ቦታ ይሠራ ነበር። አሠሪው አንድ ቀን ሊጥለው ያለውን አንድ የጠወለገ ነገር ሰጠው። በዕብራይስጥ ካዳኒት ይሉታል። ከቅጠሉ ጫፍ ቀጭን ክር ይወርድና ክሩ መጨረሻው ላይ እያበጠ ክዳን ያለው ትንሽ እንስራ ይሆናል። በእንስራው ውስጥ ፈሳሽ አለ። ዝንብ ከንፈሩ ላይ ስታርፍ ያዳልጣትና እዚያ ትገባለች፤ በዚያው ትቀራለች። ይህ ዓይነቱ የሩቅ ደሴት ተራራ ላይ፣ ደመና ውስጥ የሚበቅል ነው። ቀን ሞቅ ካለ አይጠላም፤ ማታ ግን ብርድ ካላገኘ ይሞታል። አሠሪው፣ እዚህ ባሕሩ ዳርቻ ማንም አላሳደገውም ብሎ ነበር።

ጀምበሩ ግን ቀዝቃዛ ክፍል ነበረው። እስክትመጣ ድረስ መዝጋኑ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ብሎ የመስታወት ሣጥን ሠራ፣ መብራት ሰቀለ፣ ከኒው ዚላንድ የሚመጣ የደረቀ የረግረግ ሣር ገዝቶ ከሥሩ ጎዘጎዘ። የቧንቧው ውሃ ኖራ ስላለበት ይገድለዋል። ስለዚህ ከመዝጋኑ ቱቦ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ በባልዲ ይይዛል፤ ተክሉ የሚጠጣው እሱን ነው። ማታ ማታ መዝጋኑን እስከ ታች ያወርደዋል። ክፍሉ የስሜን በረዶ ይመስላል፤ ጀምበሩ ደግሞ በዚያኛው ክፍል ላብ በላብ ሆኖ ይገላበጣል። አንድ የነበረው ተክል በአምስት ዓመት ሰባት ሆነ።

እኔ እንግዲህ እንዴት እንዳስጠላኝ! በገባሁ ቁጥር እሰድበዋለሁ። "ይኼ ዝንብ በሊታ ከአንተ የተሻለ ይተኛል" ማለት የሰላምታዬ ያህል ነበር። ሥጋ የሚበላ አትክልት በየትኛው ኦሪት ነው የተፈቀደው እለዋለሁ። ይስቃል፣ ባልዲውን ያነሳል።

በዚህ ክረምት መጀመሪያ የሐረጊቱ ፈቃድ መጣ። ጀምበሩ ወረቀቱን ይዞ እኔ ቤት ድረስ ወረደ። ከሳሪት ሠርግ አንድ ሳምንት ቀደም ብላ ትገባለች ተባለ። ሳሪት በደስታ አበደች። በዚያው ቀን ክፍሉን ልቀቅ ማለት ጀመረች። አክስቴ ከዝንብ በሊታ ጋር አትተኛም፣ እርጥበቱ ደረቷን ያማታል፣ መብራቱ እንቅልፍ ይነሳታል እያለች ጠዋት ማታ ትነዘንዘዋለች። እውነቷን ነበር። ሌላ ቀዝቃዛ ክፍል ደግሞ የለም።

ጀምበሩ አልተከራከረም። ለድሮ አሠሪው ደውሎ ተክሎቹን ውሰድልኝ አለው። እዚያ በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀት አንድ ሳምንት እንደማይቆይ ያውቃል። ሐሙስ ዕለት እኔ ቤት ወርዶ፣ እሑድ ሣጥኑን እንድንሸከም አግዘኝ አለኝ። አታዝንም ወይ ብለው፣ "ተክል ነው፣ መለሰ። እሷ አዝላኛለች" አለኝ።

ዓርብ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የሐረጊቱ ጎረቤት ናት። ሐረጊቱ የጀምበሩን ስልክ ስታጣ እኔ ጋር ትደውል ስለነበር ቁጥሬ ነበራቸው። ሐረጊቱ ሻንጣዋን አስራ፣ ራሴን አመመኝ ብላ ሐሙስ ማታ ተኛች፤ ሲነጋ አልተነሳችም። የሠፈሩ ሰው ዛሬውኑ ሊቀብራት ነው።

ስልኩን ይዤ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዓርብ ሰንበት ሊገባ ሲል ደግሞ ጭራሽ። ሠርጉ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። የማኅበራችን የአይሁድ ቄስ ጋ ሄድኩ፤ ሳሪትንም ደረጃ ላይ ጠርቼ ነገርኳት። አፏን በእጇ ይዛ ቁጭ አለች። ሠርጉን ልሰርዝ አለች። ቄሱ፣ አባትሽ ካልሰማ ሐዘን የለበትም፤ ይዳርሽ፣ የሠርጉ ሳምንት ይለቅ፣ ከዚያ እንነግረዋለን አሉ። ተስማማን። የአገራችን ደንብ ነው፤ አዲስ ነገር አልፈጠርንም።

ጀምበሩ በየዓርቡ ለእህቱ ይደውላል። የዚያን ቀን ስልኳ አልተነሳም። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ጎረቤቷ ደውላልኝ ነበር፣ ዘመድ ልትሰናበት ገጠር ወርዳለች፣ እዚያ ስልክ አይሠራም አልኩት። እሺ አለኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀም። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

እሑድ ሣጥኑን ልንሸከም ወጣሁ። መብራቱን ነቅሎ፣ ሽቦውን ጠቅልሎ፣ እንስራዎቹ እንዳይሰበሩ በጨርቅ ደግፎ ጠበቀኝ። ሳሪት በሩ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ አብጧል።

"አባ፣ ይቆይ" አለችው፣ ክፍሉን ሔደር፣ ሠርጉን ሐቱና እያለች በዕብራይስጥ ቀላቅላ። "ሔደሩ ውስጥ ይቆይ፤ ከሐቱናው በኋላ እናየዋለን።"

እኔ ደግሞ ላግዛት ብዬ ጣልቃ ገባሁ። "እውነቷን ነው፣ ምን አስቸኮለህ" አልኩት። "ደግሞ ልብ ብዬ ሳየው ያምራል እኮ።"

ጀምበሩ ሳሪትን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የመብራቱን ሽቦ መልሶ ሰካ። ደስ ብሎት ነው አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ መውጣት አበዛሁ። ብቻውን ልተወው አልቻልኩም። ስገባ ሁልጊዜ ሐረጊቱ ክፍል ውስጥ፣ በባዶ እግሩ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፤ ጀርባውን ለአልጋዋ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ሣጥኑ አድርጎ። ወንበር አለ እኮ ስለው፣ ወገቤን አሞኛል፣ የወለሉ ቅዝቃዜ ይሻለኛል ይለኛል። አምኜዋለሁ። ባልዲውን አነሳለታለሁ፣ ተክሉን አሞግሳለሁ፤ ይኸኛው እንስራ ቀላ፣ ያኛው ክዳን ሊከፍት ነው እላለሁ። የምትገባበት ቀን ሲደርስ በረራዋ ከሠርጉ በኋላ ተላልፏል አልኩት፤ አሁንም እሺ ብቻ አለኝ። ሰባት ቀን እንደዚያ ተቀመጠ። በስምንተኛው ቀን ስወጣ ተላጭቶ፣ ጫማ አድርጎ የሠርግ ልብሱን ሲተኩስ አገኘሁት።

በሠርጉ ቀን የጨፈረውን ጭፈራ አልረሳውም። የሰባ ዓመት ሰው ነው። ከበሮው ሲመታ መሐል ገብቶ ትከሻውን ሲያወርደው ወጣቶቹ ክብ ሠርተው አጨበጨቡለት። ሳሪት እያለቀሰች ትስቃለች። ይህ ምስኪን የሚጠብቀውን አያውቅ እያልኩ አብሬ አጨበጨብኩ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔም አፌን ስለማውቀው ያን ቀን ቢራ አልቀመስኩም። ጀምበሩ ራሱ ብርጭቆ ይዞ መጥቶ እንካ ቢለኝ፣ ጨጓራዬን አሞኛል አልኩት። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

የሠርጉ ሳምንት አለቀ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ አምስት ሽማግሌዎች ሆነን፣ ቄሱን አስቀድመን ደረጃውን ወጣን። ሳሪትና ባሏ ከኋላችን ነበሩ። የምናገረው እኔ ነበርኩ። ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ማንም ሳያንኳኳ በሩ ተከፈተ።

ጀምበሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል፤ ከጎረቤት የተዋሳቸውም አሉበት። ለራሱ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፏል።

"ግቡ" አለን። "ዛሬ እንደምትመጡ አውቅ ነበር።"

ተቀመጥን። ማን ነገረህ አልኩት።

"አንተ" አለኝ። "አምስት ዓመት ሙሉ ዝንብ በሊታ ስትለው የኖርክ ሰውዬ፣ ያን እሑድ ያምራል አልከኝ። ልጄም ይቆይ አለች። ክፍሉ ለምን እንደማይፈለግ ያኔ ገባኝ። ከዚያ በየማታው እየመጣህ ስታመሰግነው ለቅሶ እንደ መድረስ ቆጠርኩት። ሰባቱን የሐዘን ቀን እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።"

ከኋላዬ ሳሪት ግድግዳውን ይዛ ወደ ታች ስትንሸራተት ሰማሁ። እኔ ግን የመጣልኝ ያ ጭፈራ ነበር። ታዲያ እንዴት ጨፈርክ አልኩት። ባልጠይቀው ጥሩ ነበር።

"ላልቅስ ብልስ ማን ይድራት?" አለኝ። "እናቷ የለች። እናንተ ደብቃችሁልኛል፤ እኔም ደበቅሁላችሁ።"

ቄሱ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጀምበሩ ፍራሹ ላይ ተቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ።

"በል እንግዲህ ንገረኝ፣ መለሰ። ማወቁን አውቄዋለሁ፤ የነገረኝ ሰው ግን የለም። ሰው ሳይነገረው ጮኾ አያለቅስም። እንደ ደንቡ ንገረኝ።"

ተነሳሁ። እህትህ ሐረጊቱ አርፋለች አልኩት። ሻንጣዋን እንዳሰረች፣ ራሷን እንዳመማት፣ የት እንደተቀበረች፣ አስከሬኗን ማን እንዳጠበ፣ የሰማሁትን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። እያንዳንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚሰማ ሰው ሰማኝ። ጨርሼ ስቀመጥ ያ ዝምተኛ ሰው ጮኸ። እስከ ታችኛው ፎቅ የተሰማ ይመስለኛል። ሠላሳ ዓመት ሳውቀው ድምፁ እንደዚያ ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሐዘኑ ካለቀ በኋላ አንድ ማታ ወጣሁ። ሐረጊቱ ክፍል ውስጥ ነበር። አልጋዋ አሁንም በፕላስቲኩ እንዳለ ነው። እሷ በሞተች ሰሞን ገና ቡቃያ የነበረው እንስራ ክዳኑን ከፍቷል፤ ጥልቅ ቀይ፣ ከንፈሩ የሚያበራ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ወደድኩት፤ ልናገርም አፌን ከፈትኩ።

ጀምበሩ እጄን ያዘኝ። እጁ ቀዝቅዞ ነበር።

"እንዳታመሰግነው" አለኝ። "እባክህ። የቀረችኝ ሳሪት ብቻ ናት።"

ባልዲውን ከቱቦው ሥር አንስቼ ሰጠሁት። "ይኼ ዝንብ በሊታ" አልኩ፣ "ከአንተ የተሻለ ይተኛል።"

ጀምበሩ ትንፋሹን አወጣና እጄን ለቀቀኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ውሃውን በቀስታ ማጠጣት ጀመረ። አሁን በየማታው እየወጣሁ እሰድብለታለሁ።