ጋሽ ታደሰ የሚጮኹበት ቋንቋ

ባለፈው ወር ስልኬን ላሠራ ዓለም ባንክ ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁና የቀለጠ ስታኞ፣ የመበየጃ እርሳስ፣ ሸተተኝ። ጉሮሮ የሚከረክር፣ መጨረሻው ላይ ግን ጣፈጥ የሚል ሽታ ነው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ሰሞኑን ስሙ የገነነው ወጣት ተዋናይ ቃለ መጠይቅ ይሰጣል። ጠያቂዋ፣ «ቤተሰቦችህ በዘር ከወዴት ናቸው?» አለችው። ከንፈሩን ነከስ አደረገና፣ «እኔ የአስኮ ልጅ ነኝ» ብሎ ሳቀ።

«አየህ? ሸሸ!» አለው ስልኬን የያዘው ልጅ ጓደኛውን። «ኦሮሞ ነው። ፊልሙ ላይ ኦሮምኛውን አልሰማኸውም?»

«ጉራጌ ነው ባክህ» አለ ጓደኛው። «ግን የሚደብቅ ሰው አልወድም።»

ቀና ብዬ ቴሌቪዥኑን አየሁ። ያንን ሰፊ ግንባር አውቀዋለሁ። የጋሽ ታደሰ የልጅ ልጅ መሆኑን ከሰው ሰምቼ ነበር።

ልጅ ሳለሁ ጋሽ ታደሰ ኮልፌ ከቤታችን ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ በሚዋሰን ክፍል ውስጥ ራዲዮ ይጠግኑ ነበር። መደርደሪያው ላይ ሆድ ዕቃቸው የተዘረገፈ ራዲዮኖች ተኮልኩለዋል፤ ብሎኑ በወተት ጣሳ፣ ካቻቢቴው በሰማያዊው ጋዋን ኪስ። ከአስኮ ወተት ከምታመጣው ሴት ጋር በኦሮምኛ፣ ከባለሱቁ ጋር በጉራግኛ፣ ከቦንጋ ከመጣው የማር ነጋዴ ጋር በአገሩ ቋንቋ ይጨዋወታሉ። እያንዳንዱም «የኛ ሰው ነው» እያለ ይወጣል። ይሄኔ ነው መንደሩ መጠርጠር የጀመረው። ስማቸውም ዘራቸውን አይጠቁምም፤ ታደሰ የሚባል ሰው ከየትም ይመጣል። ዘመድ አይጠይቃቸውም፣ ለበዓልም አገር ቤት አይሄዱም። የእድር ሽማግሌዎች ሳይቀሩ፣ «ይሄ ሰው ቢሞት ከሚስቱ ሌላ ለማን ነው የምናረዳው?» ይሉ ነበር።

አክስቴ አስካለ ደግሞ ቁርጡን ተናግራለች። «የሁሉን ቋንቋ የሚችል ሰው ወይ ሰላይ ነው፣ ወይ ደም አፍስሶ የሸሸ።» እናቴ መጀመሪያ ትስቅባት ነበር። በኋላ ግን እሷም ጋሽ ታደሰ በደጃፋችን ሲያልፉ ድምጿን ዝቅ ማድረግ ጀመረች።

አንድ ቀን አክስቴ የተበላሸውን ራዲዮናችንን አስታቀፈችኝና ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች። «ሰው ሲደነግጥ የሚጮኸው በእናቱ ቋንቋ ነው። የሆነ ነገር አድርገሽ አስደንግጪው። ምን እንዳለ ደህና አድርገሽ ስሚ።» ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ትልቅ አደራ የተሰጠኝ መሰለኝ።

ጋሽ ታደሰ ራዲዮኑን ፈትተው አቧራውን በብሩሽ ጠረጉና፣ «እስቲ ይቺን ሽቦ ያዢልኝ፣ የኔ ቆንጆ» አሉኝ። የጋለው መበየጃ አጠገባቸው ጡብ ላይ ተጋድሟል። በክርኔ ገፋ አደረግኩት። መሬት ወድቆ እንዲንኳኳ ነበር ሐሳቤ። የወደቀው ግን እጃቸው ላይ ነው። የቆዳ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አልጮኹም። በምንም ቋንቋ።

እጃቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ትኩር ብለው አዩኝ። «ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«ከገባሽ ጀምሮ አፍ አፌን ነበር የምታዪው።»

አለቀስኩ፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አልተቆጡም። «እኔም አላውቀውም እኮ፣ ልጄ» አሉ። ከየአገሩ ጭነት በሚራገፍበት በርበሬ ተራ ሕፃን ሆነው በጋቢ ተጠቅልለው ተገኙ። ስማቸውን ያወጣችላቸው አንስታ ያሳደገቻቸው ሴት ናት። «ከሁሉም ጋር በቋንቋው የማወራው፣ አንድ ቀን አንዱ ሰምቶኝ ‹ይሄ የእገሌ ድምፅ ነው› ይለኝ ይሆናል ብዬ ነው። ለላኩሽ እንዲሁ ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። አክስቴ እጇን አጨበጨበች። «አየሽ ተንኮሉን! ልጅቱን በተረት አታሎ ሰደዳት!» ከዚያ ወዲያ ሰው የተበላሸ ራዲዮኑን ጦር ኃይሎች ሰፈር ወዳለ ሌላ ጠጋኝ ይወስድ ጀመር። ጋሽ ታደሰ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፤ ግን ወደሳቸው ጠጋ ስል እጃቸውን ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ይከታሉ። ከሁሉ የከፋብኝ ይሄ ነው። እሳቸውም እኔን መጠርጠር ጀመሩ። ክረምቱ ሳይወጣ ሚስታቸውንና ገና የምትታዘለውን ሴት ልጃቸውን ይዘው ወደ አስኮ ለቀቁ። ይቅርታ አላልኳቸውም።

ከስልክ ጥገናው በኋላ ሰላም አጣሁ። አንድ ቅዳሜ አስኮ ሄድኩና ጠይቄ የተዋናዩን እናት ቤት አገኘሁ። ያቺ የምትታዘለዋ ልጅ ዛሬ ፀጉሯ ሸበት ብሏል። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ስለ ልጄ ዘር ከሆነ የመጡት፣ የምነግርዎት የለም» አለችኝ።

«ስለ አባትሽ እጅ ነው። ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ።»

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ጋሽ ታደሰ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ድምፃቸውን የለየላቸው ሰው አልመጣም። ሥራቸውን ከተዉ በኋላ የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ የእያንዳንዱን ቋንቋ አነጋገር ምላሱ እስኪለምደው ድረስ ያስደግሙት እንደነበር ነገረችኝ። «ዛሬ ማንን ሁን ቢሉት የሚሆነው በዚያ ነው» አለች። «ሰዉ ግን ይጠረጥረዋል።»

እያወራን ልጁ ከሥራ ገባ። እንግዳ ሲያይ ፊቱ ቅጭም አለ። እናቱ፣ «የአባባ ጎረቤት ናቸው፣ የድሮ» አለችው። ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ቆመ።

«በወጣትነቱ ያውቁታል?»

«አውቃቸዋለሁ።»

ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «እኔ ከአባባ ወገን የመጣ ሰው አግኝቼ አላውቅም» አለኝ። «እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት። እባክዎ፣ የሚያውቁትን ሁሉ ይንገሩኝ።»

ከመጥፎው ጀመርኩለት።