በረጅሟ እጅ የተፈታ ፀጉር

ደንበኞቿ አክስቴን «ጥብቄ» ይሏት ነበር። እሷ የሠራችው ሹሩባ ወር ይቆያል፤ የተሠራችው ሴት ግን የመጀመሪያዋን ሌሊት ትራሷን እንደ ጠላት እያየች ታነጋለች። አክስቴ በዚህ ትኮራለች። «የኔ እጅ ቅንድብ ሳይቀር ያነሳል» ትላለች።

ፀጉር ቤቷ አሁን የስልክ መሸጫ ሆኗል። ያኔ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ የሚያጉረመርም የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ጥርሱ የጎደለ ሚዶ፣ የሞቀ ቅባት ሽታ። ልጅ ሆኜ ወለሉ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን ስሠራ የሴቶቹ ሳቅ በላዬ ያልፍ ነበር። ዛሬም መንገድ ላይ ያ ቅባት ከሸተተኝ እግሬ በራሱ ይቆማል።

አክስቴ የራሷን ፀጉር አትሠራም። ቅዳሜ ደንበኛ ሲያልቅ፣ አብራት የምትሠራው ባልንጀራዋ፣ «ረጅሟ» የምንላት፣ ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ትሠራታለች። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲህ ነበሩ። ተኳርፈው እንኳ፣ ቃል ሳይለዋወጡ፣ ሲሠራሩ አይቻለሁ። አፋቸው ተጣልቶ እጃቸው አለመጣላቱ ይደንቀኝ ነበር።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ አክስቴ የክብደት መቀነሻ መርፌ ጀመረች። ጉልበቷ መቆም እንቢ ስላላት ሐኪም ያዘዘላት ነው፤ በየሳምንቱ ሆዷ ላይ ትወጋለች። የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን። ረጅሟን «በእግሬ እየሄድኩ ነው የከሳሁት» ብላ ሸወደቻት። ቀሚሷ ሰፋ፣ ጉልበቷም ተሻለው። ምግብ ግን አስጠላት፤ ቁርስ ተረሳ፣ ምሳ በሻይ ታለፈ። ወራት ሲያልፉ ሚዶው ፀጉር ተሸክሞ ይወጣ ጀመር።

ያኔ ቅዳሜ ሲመጣ «ዛሬ ራሴን አሞኛል» ማለት አመጣች። ቤቷ ገብታ በር ትዘጋና፣ የሳሳውን ለመሸፈን ዊግ ጨምራ፣ ራሷን አጥብቃ ትሠራለች። ግንባሯ ዳር ያለው ፀጉር ሸሸ። በሸሸ ቁጥር ይበልጥ አጠበቀችው።

ረጅሟ አኮረፈች። በዚህኛው ኩርፊያ እጇም ተጨመረበት። አንድ ቅዳሜ፣ አክስቴ እየሰማች፣ ወደ እኔ ዞራ እንዲህ አለች፦

«አክስትሽ ሌላ ሠሪ ይዛለች አይደል?»

«ኧረ አልያዘችም።»

«ትያዝ፣ መብቷ ነው። ግን ሰው እንዴት ይህን የመሰለ ጠማማ መስመር ገንዘብ ከፍሎ ይሠራል?»

አክስቴ ብዙ ነገር ትችላለች፤ ይህን ግን አልቻለችም።

«ራሴ ነኝ የሠራሁት» አለች።

«አንቺ? በራስሽ እጅ?»

አክስቴ ሄዳ ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ፣ ረጅሟ ፊት ተቀመጠች። ረጅሟ ዊጉን ቀስ እያለች ፈታችው። ከዊጉ ጋር የአክስቴም ፀጉር አብሮ መጣ። እጇ ቆመ።

«እኔን! ምን ሆነሽ ነው?»

«መርፌ ነው። ለክብደት።»

«ሐኪም ጋ ሄደሻል?»

«ሄጃለሁ። ቶሎ ስትከሺና ምግብ ስትተዪ ይረግፋል አለኝ። አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፣ ግን ብዪ፤ እንቁላል፣ ምስር። ደሜን መርምሮም ብረት አንሶሻል ብሎ ክኒን ሰጠኝ። ደግሞ… አታጥብቂው አለኝ።»

«አንቺን ነው አታጥብቂ ያለው?» ረጅሟ ሳቋ አመለጣት። «የስንቱን ቅንድብ የሰቀልሽውን ሴትዮ?»

አክስቴም ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«እጅሽ ላይ ሲረግፍ እንድታይው አልፈለግኩም።»

«ታዲያ በማን እጅ ሊረግፍ ነው፣ እህቴ?»

በጣቷ ጫፍ ቅባት ቀባቻት። ዊጉን ወደ ጥግ ወረወረችውና ሰፋ ሰፋ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን ፀጉር አላልታ ጎነጎነችው።

«ይሄ እኮ ነገ ይፈታል» አለች አክስቴ።

«ይፈታ። ነገ እሠራሻለሁ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ረጅሟ የተቀቀለ እንቁላል ከቤቷ ይዛ ትመጣለች። አክስቴ ፊቷን አጨማዳ፣ እንደ መድኃኒት ታኝከዋለች። አክስቴ በልታ እስክትጨርስ ረጅሟ ሚዶ አታነሳም።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ሁለቱ እንደለመዱት ተቀምጠው፣ የረጅሟ ጣት የአክስቴ ግንባር ዳር ላይ ድንገት ቆመ።

«መጥቷል» አለች።

«የት ጋ?»

ረጅሟ የአክስቴን ጣት ይዛ እዚያው፣ ገና ብቅ ያለው ለስላሳ ፀጉር ላይ አሳረፈችላት።