ለታናሿ ያሳጠርኩት ጉርድ

ይህ የሆነው አምና ኅዳር ላይ፣ ቡና በሚለቀምበት ወቅት ነው። ከዚያ ወዲህ መቀስ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ መቀስ ደግሞ በቀን ሁለት ሺህ ጊዜ አነሳለሁ።

ጅማ፣ ሄርማታ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ከስፌቱ ይልቅ ግን የምታወቀው በቀልዴ ነው። የሄርማታ አህያ እንኳ ቀልዴን ስትሰማ ጭነቷን ትጥላለች። በተለይ ሰው በማስመሰል አልታማም። የአንድን ሰው አካሄድና አነጋገር አንዴ ካየሁ ባለቤቱ ራሱ “እኔ ነኝ እንዴ?” ብሎ ይጠራጠራል።

በዚሁ ዝናዬ፣ ዩኒፎርም የምሰፋለት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠራኝ። ተማሪዎቹ እርስ በርስ መሳለቅና ደካማውን ማንገላታት ስላበዙ፣ ስለ መከባበር የሚነገርበት ቀን ተዘጋጅቶ ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ “ጋሽ ነስሩ፣ እኛ ስንመክራቸው ያዛጋሉ፤ እርስዎን ይሰሙዎታል” አለኝ።

ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ማይኩን ሰጡኝ። ያሰብኩት ቁም ነገር ነበር፣ ወላሂ። በተማሪነቴ አብሮን ይማር የነበረ ተብታባ ልጅ ነበር። በእኛ ሳቅ ተሳቆ ትምህርቱን እንደተወ ልነግራቸው ነው። ወሬውን ለማሟሟቅ ግን መጀመሪያ አነጋገሩን አስመሰልኩ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔ ደግሞ ሳቅ አልጠግብም፤ ደገምኩት፣ ሰለስኩት። ደወሉ ተደወለ። ምክሩ ሳይነገር ተማሪው ወደ ክፍል ገባ። ወደ ሱቄ ስመለስ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብዬ ነበር የምራመደው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ከደዶ ገጠር የመጡ አንዲት እናት ሱቄ ገቡ። አወቅኳቸው፤ መስከረም ላይ ለልጃቸው ለዘሐራ የዚያኑ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም አሰፍተዋል። ዘሐራ እዚሁ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ አክስቷ ዘንድ ሆና የምትማር ልጅ ናት። ስለካት ቃል አልተነፈሰችም። “ይህን ዝምታሽን ለሚስቴ አበድሪያት” ብያት ነበር።

እናትየዋ ያንኑ ጉርድ ከፌስታል አወጡ። “ለታናሿ አሳጥርልኝ፣ ማሎ፣ እባክህ።”

“ዘሐራስ ምን ልትለብስ ነው?”

“ትምህርቱን ትታለች።”

ለካ ዘሐራ ስትናገር ቃል ይይዛታል። ክፍል ውስጥ ዝም እያለች ደብቃው ኖራለች።

“አንድ ሰው መጥቶ በማይክ እንደ እሷ በሚናገር ልጅ አሳቃቸው አሉ” አሉኝ። “ያኔ የዝምታዋ ምክንያት ገባቸው፤ ከዚያ ወዲያ በስሟ የሚጠራት ጠፋ። መምህሩ ሲጠይቃት፣ ገና አፏን ሳትከፍት ክፍሉ በሙሉ የዚያን ሰውዬ ድምፅ ያወጣል። ሰውዬው ልጅ የለውም ይሆን?”

ልጅ አለኝ። አራት።

የምቀልደው ፈልጌ አጣሁ። “ሰውዬው እኔ ነኝ” አልኳቸው።

ፌስታሉን አጣጠፉ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። “እንግዲያ መጥተህ ለእሷ ንገራት” አሉ።

እሑድ ደዶ ሄድኩ። ዘሐራ ከቤታቸው ጓሮ ቡና ትለቅም ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳት። በዚያው ማይክ ጥፋቴን እንደምናገር፣ ከፈለገችም ክፍሏ ድረስ አብሬያት እንደምገባ ነገርኳት።

ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ መናገር ጀመረች። የመጀመሪያው ቃል ያዛት። እንዴት እንደተናገረችው አልጽፍም። ቆሜ ጠበቅኳት፤ ያን ያህል ጊዜ አፌን ዘግቼ አላውቅም።

“እርስዎ እንደገና ከተናገሩ ሁሉም ዞሮ የሚያየው እኔን ነው” አለች። ቅርጫቷን አነሳችና፣ “ጉርዱን ለእህቴ ይቁረጡላት” አለችኝ።

ማይኩን ተውኩት። ለመምህራኑ ግን ቢሯቸው ሄጄ ያደረግኩትን ነገርኳቸው። አንዲት መምህርት ደዶ ድረስ ሄዳ ለመነቻት። ዘሐራ አልተመለሰችም።

አሁንም ሰዎች “እስቲ አስመስል” ይሉኛል። የራሴን ቦርጭና የራሴን ማንኮራፋት አስመስላለሁ፤ እሱም ለአንድ ከተማ ይበቃል። ቤቴ ስገባ ግን ያ የግቢው ሳቅ ይከተለኛል።

ጉርዱን አሳጠርኩት፤ መቀስ ግን አላስነካሁትም። ትርፉን አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ አጥፌ በሩቅ ሩቁ ሰፋሁት። ክሩ ቢፈታ መልሶ የዘሐራ ቁመት ይሆናል። ታናሿ ስትሮጥ ጫፉ ይከብዳታል አሉ።

እስካሁን ፍታው ብሎኝ የመጣ የለም።